ቁልፉን ተዉት፣ አንቀጽ 93ን አሻሽሉ

«ይህ ሕገ መንግሥት እንዳይሻሻል ተደርጎ ነው የተጻፈው» ሲባል ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በሬዲዮ ክርክር ይባላል፣ በፓርቲ መግለጫ ይባላል፣ በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ይባላል፣ ዋሽንግተን ውስጥ ባሉ የሐበሻ ካፌዎችም ይባላል። ተናጋሪው ወዲያው አንቀጽ 105ን ይጠቅሳል። አንድ ክልል ብቻ እምቢ ቢል ማሻሻያው ይወድቃል፣ አገር በሙሉ በአንድ ምክር ቤት እጅ ታስሯል ይላል። ከዚያ መድኃኒቱን ያዝዛል፦ 105 ይላላ፣ በሕዝበ ውሳኔ፣ በተራ አብላጫ ድምፅ የሚሻሻል ይሁን፤ ያኔ የመገንጠልን መብት የያዘውን 39ን እናነሳለን፣ የመሬትን ጉዳይ የያዘውን 40ን እናስተካክላለን፣ አገርም ትረጋጋለች።

ይህ አስተሳሰብ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። 39ን የሚጠሉትም የሚወዱትም የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲባል የሚታያቸው ያው አንቀጽ ነው። አንዱ ሊያወጣው፣ ሌላው ሊያቆየው ይታገላል። ሠላሳ ዓመት በዚህ አለፈ። እኔ የምለው፦ ክርክሩ የተሳሳተ በር ላይ ቆሟል። 105 እንዲላላ የሚጠይቅ ሰው፣ ለራሱ የቀረውን የመጨረሻ ከለላ አውልቁልኝ እያለ ነው። በሌላ በኩል፣ ዛሬ ማታ ፖሊስ ጣቢያ የሚያድረውን ሰው በእውነት የሚጠቅሙት ማሻሻያዎች ያንን ከባድ ቁልፍ ጨርሶ አይነኩም። ቀለል ባለው በር ይገባሉ። የሚጠይቃቸው ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ጽሑፉን እንየው፤ ብዙ ሰው ስለ 105 የሚናገረው ሳያነበው ነውና። አንቀጹ ሁለት መንገድ አለው። በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩት መብቶችና ነጻነቶች፣ አንቀጽ 104 እና ራሱ 105 የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በየራሳቸው በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቁት፣ በተጨማሪም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበሉት ነው። ይህ ከባዱ ነው። ከዚህ ውጭ ላሉት አንቀጾች ግን ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልል ምክር ቤቶች ደግሞ ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ከደገፉት ይበቃል። ክልሎች ዛሬ 12 ናቸውና ስምንቱ ማለት ነው። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ እንዳይሻሻል ተቆልፏል የሚለው አባባል ለሰነዱ አብዛኛው ክፍል ሐሰት ነው። የክልሎች አወቃቀር፣ የሥራ ቋንቋ፣ የአዲስ አበባ ጉዳይ፣ የፍርድ ቤቶች ሥልጣን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሁሉም ቀለል ባለው መንገድ የሚሄዱ ናቸው።

በከባዱ ቁልፍ ሥር ያለው ምንድን ነው? ምዕራፍ ሦስት ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ይዘልቃል። 15 የሕይወት መብት ነው። 17 የነጻነት፣ 18 ከጭካኔና ኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅ። 19 የተያዘ ሰው በሚገባው ቋንቋ ለምን እንደተያዘ ወዲያው እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ካልቀረበም ፍርድ ቤት አካሉን ነጻ እንዲያወጣለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። 21 የታሰረን ሰው የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ የንስሐ አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። 26 ቤትህ ያለ ሕግ እንዳይፈተሽ፣ 29 ሐሳብህን እንድትገልጽ፣ 30 እንድትሰበሰብ፣ 32 በፈለግኸው የአገሪቱ ክፍል እንድትኖር። 39ና 40 የተቀመጡት ከእነዚህ ጋር በአንድ ቤት፣ በአንድ ቁልፍ ሥር ነው። ቁልፉ ለ39 ሲላላ ለ19ም ይላላል። ለዚህ ጉዳይ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ከሚለው ተረት የሚቀርብ አላውቅም።

የኔን ወገን ድምፅ ብልጫ እርግጠኛ ስለሆንሁ አልሰጋም የሚል አለ። መብት የተጻፈው ግን ድምፅ ብልጫ ለሌለው ነው። ብዙኃኑ መንግሥትም፣ ሠራዊትም፣ ቴሌቪዥንም አለው፤ አንቀጽ 19ን የሚፈልገው ማንም ሰልፍ የማይወጣለት፣ ስሙን ለመጥራት ጎረቤት የሚፈራለት ሰው ነው። የዚያ ሰው 48 ሰዓት በሕዝበ ውሳኔ የሚነሳ ከሆነ መብት መባሉ ቀርቷል። ሕዝበ ውሳኔ በራሱ ዋስትና ነው ለሚሉም የራሳችንን ታሪክ ላስታውስ። በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን የደርጉ ነው፤ ጥር 1979 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠበት፣ 81 በመቶው ደገፈው ተባለ፣ የመናገርና የመሰብሰብ ነጻነት በውስጡ ተዘርዝሮ ነበር። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ ሰው ያ ዝርዝር ምን እንደጠቀመው ያውቃል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ቁልፉ በጣም ጠንካራ ነው የሚለው ቅሬታ ራሱ በታሪክ አይደገፍም። እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ የክልል ምክር ቤቶች በሙሉ በአንድ ግንባር፣ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫም አንድ ፓርቲ ድምፅ ከተሰጠባቸው የፌዴራል መቀመጫዎች ከአሥር ዘጠኙን አሸነፈ። እንዲህ ባለ አገር የሁሉም ክልሎች ስምምነት የሚባለው ነገር በአንድ የፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስብሰባ ተጠናቆ ሊያድር ይችላል። 105 የሚያስፈራው ጥብቅነቱ ሳይሆን በእኛ ፖለቲካ ውስጥ በቀላሉ መከፈት መቻሉ ነው። ይህን ቁልፍ ይበልጥ አላሉት የሚል ሰው ቤቱን ለማን ክፍት እያደረገ እንደሆነ ያስብበት።

ታዲያ ቁልፉ ካልተከፈተ መብታችን የት ገባ? የክርክሬ እምብርት እዚህ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰዎች መብታቸውን ያጡት ምዕራፍ ሦስት ተሻሽሎ አይደለም። ከምዕራፍ ሦስት አንዲት ፊደል አልተነካችም። መብቱ የተወሰደው በጓሮ ነው፦ በተራ አዋጅ፣ በመመሪያ፣ በትርጉም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ።

1993 ዓ.ም.ን እንውሰድ። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ፈቀደችላቸው። ከፍርድ ቤቱ ግቢ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። ወዲያው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ማሻሻያ በምክር ቤት ጸደቀ፤ ስዬም ስድስት ዓመት ያህል ታስረው ቆዩ። አንቀጽ 19 ግን አልተሻሻለም። ዋስትና መብት ነው ካለ በኋላ በሕግ ከተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ይላል፤ በዚያች ስንጥቅ ውስጥ አንድ ሙሉ አዋጅ ገባ። ስለ ስዬ ፖለቲካ ያለኝ አስተያየት እዚህ ቦታ የለውም። ዳኛ የፈቀደው መብት በቀናት ውስጥ በድምፅ መወሰዱ ነው የሚያሳስበኝ፤ ከዚያ በኋላ ያ ሕግ ስማቸውን ማንም በማያውቃቸው ሰዎች ላይ ሲሠራ ኖሯል።

1997 ደግሞ አለ። ግንቦት 7 ሕዝቡ ድምፁን ሰጥቶ በገባበት ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍና ስብሰባ መከልከሉን በቴሌቪዥን ተናገሩ። ተቃዋሚው ቅንጅት ክልከላው ከአንቀጽ 30 ጋር ይጋጫል ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ራሱ አላየውም፤ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ላከው። ጉባኤውም ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። አንቀጽ 30 ዛሬም እንደተጻፈ ነው፤ ያኔም እንደተጻፈ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ሕገ መንግሥቱ ሁለት ጊዜ ተሻሽሏል፤ አብዛኛው ሰው አያውቅም እንጂ። አንዱ የጋራ ግብርን የሚመለከተው 98 ነው፤ ሌላው የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል የሚለው 103 ንዑስ አንቀጽ 5። በጥቅምት 1987 የተደረገው ቆጠራ በ1997 መደገም ሲገባው በ1999 የተደገመው በዚህ ምክንያት ነው። የሕግ ምሁራን ደጋግመው እንደጻፉት፣ ማሻሻያዎቹ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥተው ለሕዝብ አልደረሱም። አንቀጽ 104 ሐሳቡ ለሕዝብ ውይይት ይቅረብ እያለ ማለት ነው። የሕገ መንግሥቱን መጽሐፍ ገዝታችሁ ብትከፍቱ አሮጌው ጽሑፍ ነው የምታገኙት። ከባዱ ቁልፍ ባይኖር በዚህ ዓይነት ጸጥታ አንቀጽ 29ም፣ አንቀጽ 30ም ሊሄዱ ይችሉ ነበር። ይህን ሳስብ 105ን ከዓይኔ ብሌን አስበልጬ እጠብቀዋለሁ።

አሁን ወደ 93።

አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚታወጅበትን ሁኔታ ይደነግጋል፦ የውጭ ወረራ፣ በተለመደው የሕግ ማስከበር ሥርዓት ሊገታ የማይችል አደጋ፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ ወረርሽኝ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያውጃል፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ያጸድቃል፤ ስድስት ወር ይቆያል፣ በየአራት ወሩ ይታደሳል። ሕገ መንግሥቱ ከጸና በኋላ እስከ መስከረም 2009 ድረስ አልተሠራበትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እስከ 2015 ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ ታወጀ፦ በ2009፣ በ2010፣ በ2012 ለኮቪድ፣ በ2013 ለትግራይ፣ በ2014 ለመላው አገር፣ በ2015 በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት።

በአዋጁ ጊዜ እንዳይነኩ ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጣቸው አንቀጾች አራት ናቸው። 1፣ 18፣ 25 እና 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። አንቀጽ 1 የመንግሥቱ ስያሜ ነው። 18 ከኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅ፣ 25 የእኩልነት መብት፣ 39 የብሔሮች የራስን ዕድል የመወሰን መብት እስከ መገንጠል። እንግዲህ አስቡት። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የአገሪቱ ስም አይነካም። የመገንጠል መብት አይነካም። አንቀጽ 15፣ የሕይወት መብት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብም የለም፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታም የለም። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሕይወት መብት በምንም ዓይነት አስቸኳይ ሁኔታ እንዳይታገድ በግልጽ ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 የተቀበልናቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። እንደዚያም ሆኖ ዝርዝሩ እንዳለ ሠላሳ ዓመት ቆየ።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ክፍተት ብቻ አይደለም። አዋጁ በታወጀባቸው ወራት ጠዋት አንድ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የቆመ ሰው ያየዋል። ሴቶች ስንቅ ይዘው ተሰልፈዋል፤ የምግብ ዕቃው በነጠላ ተቋጥሯል፣ ጫፉ ላይ የታሳሪው ስም በእስክርቢቶ የተጻፈበት ወረቀት ታስሯል። ተረኛው መዝገብ ያገላብጣል። ትናንት «አለ» የተባለው ዛሬ «የለም» ይባላል። አንዷ የት ወሰዳችሁት ስትል «በኮማንድ ፖስት ነው» ይሏታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። በደህናው ጊዜ ቢያንስ የጊዜ ቀጠሮ ችሎት አለ፤ 14 ቀን ተጨመረበት ብላ ታለቅሳለች፣ ግን ፊቱን አይታለች፣ ጠበቃው ቆሟል፣ ዳኛ ስሙን ጠርቷል። በአዋጁ ጊዜ ያም ይቀራል። በ2015ቱ አዋጅ ከአዲስ አበባ የተያዙ ሰዎች አዋሽ አርባ ወደሚገኝ ወታደራዊ ካምፕ መወሰዳቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ አረጋግጧል። ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሳ የተያዙ የምክር ቤት አባላት ነበሩ፤ የአንዱ እንደራሴ ያለመከሰስ መብት በምክር ቤቱ የተነሳው ከታሰረ ከወራት በኋላ ነው። በ2014ቱ አዋጅ ደግሞ ኮሚሽኑ እስራቱ ማንነትን መሠረት ያደረገ ይመስላል ብሎ ስጋቱን ገልጾ ነበር፤ አንቀጽ 25 እንዳይነካ ከተከለከሉት አራቱ አንዱ መሆኑን ልብ በሉ።

ያው አንቀጽ 93 ግሩም ነገርም አለው። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል፤ ቦርዱ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ፣ ከታሰሩበት ምክንያት ጋር ይፋ ማድረግ አለበት። ስም እና ምክንያት። ያቺ ሴት ከጣቢያ ጣቢያ ስትዞር የምትፈልገው ይህንን ዝርዝር ነበር። ሕገ መንግሥቱ ለእርሷ ጽፎላታል። የማይፈጽመውን የሚጠይቅ ፍርድ ቤት ግን አላስቀመጠላትም።

ህንድ በዚህ መንገድ አልፋለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ አስቸኳይ ጊዜ አሳወጁ፤ የተቃዋሚ መሪዎች በሌሊት ታፈሱ። ታሳሪዎቹ አካላችን ነጻ ይውጣ ብለው በየክፍለ ሀገሩ አቤት ሲሉ የተወሰኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ሰሟቸው። መንግሥት ይግባኝ ጠየቀ። በ1976 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ በአዋጁ ጊዜ ዜጋው ፍርድ ቤት የመሄድ መብት የለውም ሲል ወሰነ። ልዩነቱን የጻፈው ዳኛ ካና ብቻ ነበር፤ ለዚህም ዋና ዳኛ የመሆን ተራው ተዘለለበት፣ እርሱም ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ዓመት በ42ኛው ማሻሻያ መንግሥት ሕገ መንግሥቱን እንዳሻው ቆራረጠው፤ የህንድ የማሻሻያ ደንብ ከእኛው 105 እጅግ የላላ ነውና። ኢንድራ በ1977 በምርጫ ተሸነፉ። አዲሱ ምክር ቤት በ1978 44ኛውን ማሻሻያ አጸደቀ፤ ከዋና ሥራዎቹ አንዱም አንቀጽ 21፣ ማለትም የሕይወትና የነጻነት መብት በምንም ዓይነት አስቸኳይ ጊዜ እንዳይታገድ ማድረግ ነበር። ከዚያ እስር ቤት የወጡ ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የክፍለ ሀገር ወሰን ወይም የባንዲራ ጉዳይ አልነበረም። ሌሊት የሚወሰድ ሰው ዳኛ ፊት የሚቀርብበትን፣ ያኔ የተዘጋበትን መንገድ ማንም ዳግም እንዳይዘጋው አድርገው ነው የጻፉት።

ለእኛ የቀረበው ማሻሻያም ይኸው ነው፤ ደግሞም በእጃችን ነው። 93 በምዕራፍ ሦስት ውስጥ አይደለም። የሁሉም ክልሎች ስምምነት አያስፈልገውም። እንዳይታገዱ በተዘረዘሩት አንቀጾች ላይ 15ን፣ 19ን በ48 ሰዓት መቅረብና አካልን ነጻ ማውጣት በሚለው ክፍሉ፣ 21ን በጉብኝቱ ክፍል መጨመር ነው። ቦርዱ ስሞቹን በወር ውስጥ ካላወጣ ማንኛውም ዘመድ ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲያስገድደው መፍቀድ ነው። የማንንም ብሔር መብት አይቀንስም፣ የማንንም ክልል ወሰን አያንቀሳቅስም። 39ን የሚወድ ይደግፈው፤ 39ን የሚጠላ ይደግፈው።

ሁለተኛው ማሻሻያ የትርጉም ሥልጣን ነው። አንቀጽ 62ና 83 ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻ ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጡ፤ ይህ ምክር ቤት ፖለቲከኞች የሚቀመጡበት፣ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲሰበሰብ የተደነገገ አካል ነው። 82 ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤ 11 አባላት አሉት፤ አብዛኞቹ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፣ ግን ውሳኔው የእነርሱ አይደለም፤ ሐሳብ አቅርበው ይልካሉ። በ2012 ምርጫው በኮቪድ ምክንያት ሊራዘም ሲል ምን እንደሆነ አይተናል። መንግሥት አራት አማራጭ አቀረበ፤ አንዱ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነበር። ማሻሻል ተትቶ ትርጉም ተመረጠ። አጣሪ ጉባኤው የምሁራንን አስተያየት በቴሌቪዥን አስተላለፈ፤ ለዚህስ ምስጋና ይገባዋል። ሰኔ 3 ቀን ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ114 ድምፅ ድጋፍና በ4 ተቃውሞ የምክር ቤቶቹ ዘመን ይራዘም አለ። ከሚራዘሙት አንዱ የራሱ ዘመን ነው። ማራዘሙ ተገቢ ነበር አልነበረም፣ በዚያ ወረርሽኝ ቅን ሰዎች በሁለቱም በኩል ቆመው ነበር። ነገር ግን የራስን የሥራ ዘመን በራስ ጉባኤ መወሰን በየትኛውም የቀበሌ ዕድር አይፈቀድም። 62ና 83ም ከምዕራፍ ሦስት ውጭ ናቸው። ነጻ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፣ ወይም ቢያንስ በሰብአዊ መብት ጉዳይ ላይ መደበኛ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ምዕራፍ ሦስትን ተርጉመው የሚፈርዱበት ሥልጣን ስምንት የክልል ምክር ቤቶችና የፌዴራሉ ሁለት ሦስተኛ ከተስማሙ ሊጻፍ ይችላል።

የተቃዋሚዎቼን ጠንካራ ነጥብ አልሸሽም። ዜጎች ከኖሩበት ቀዬ የሚፈናቀሉት፣ መጤ የሚባሉት ሥርዓቱ በ39 ላይ ስለቆመ ነው ይላሉ። መፈናቀሉ እውነት ነው፤ ቁስሉም እውነት ነው። ግን አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገበት ቦታ የመኖር መብት አለው ይላል፣ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ሁለቱም በከባዱ ቁልፍ ሥር ናቸው፣ ሁለቱም አልተሻሻሉም። የተፈናቀለው ሰው ያጣው ሌላ አንቀጽ አይደለም፤ ያሉትን ሁለት ይዞ የሚሄድበት፣ የቀበሌውን ሊቀመንበርና የፖሊሱን አዛዥ ስም ጠርቶ የሚከስበት ችሎት ነው። 39 ነገ ቢሰረዝ ያ ሊቀመንበር ማኅተሙን እንደያዘ ነው። የክልል አወቃቀር ይስተካከል የሚል ካለ 46ና 47 በቀላሉ መንገድ የሚሄዱ ናቸው፤ 47 ዛሬም ዘጠኝ ክልል ብሎ ይቆጥራልና ያን ክርክር ማካሄድ አስፈላጊ ነው። ያ ክርክር ግን የ105ን ቁልፍ መስበር አይጠይቅም።

ሌሎች ደግሞ ሰነዱ የአሸናፊዎች ነው ይላሉ። ሕገ መንግሥቱን ለማጽደቅ በ1986 የተመረጠው ጉባኤ አብዛኛው ወንበሩ በኢሕአዴግ ተያዘ፤ ዋና ዋና ተቃዋሚዎች አልነበሩበትም። ይህ ሐቅ ነው። ነገር ግን የ1923ቱም የንጉሡ ነበር፣ የ1948ቱም የንጉሡ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው የደርጉ። የኋለኞቹ ሁለቱ ከባለቤቶቻቸው ጋር ተቀበሩ፤ የ1948ቱን ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 በአንድ አዋጅ አገደው። በ2010 መሪ ሲለወጥ ሰነዱ እንዳለ መቆየቱ በታሪካችን አዲስ ነገር ነው። አሸናፊ በመጣ ቁጥር ሕገ መንግሥት የሚጻፍበት አገር ውስጥ ተሸናፊው የሚይዘው ወረቀት አይኖረውም። የዛሬው አሸናፊ ደግሞ የነገ ተሸናፊ መሆኑን ከእኛ የበለጠ ያየ ሕዝብ የለም።

አሜሪካን የሚጠቅሱም አሉ፤ በተለይ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን። 27 ጊዜ አሻሽለዋል፣ እኛስ ይላሉ። አዎ፣ ከ230 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ፣ ከእነዚያም አሥሩ እ.ኤ.አ. በ1791 በአንድ ላይ። ዛሬ አንድ ማሻሻያ ለማጽደቅ ከ50ዎቹ ክፍላተ ሀገር 38ቱ መስማማት አለባቸው። የግለሰብን ነጻነት የቀነሰው ማሻሻያ መጠጥ የከለከለው 18ኛው ሲሆን እርሱም በ1933 ተሻረ። የቀሩት በአብዛኛው ሰውን ከመንግሥት ሥልጣን የሚጠብቁ ወይም ድምፅ ላልነበረው ድምፅ የሰጡ ናቸው። ቢሆንም ጥቁሮች ዘራቸው ድምፅ እንዳይነፍጋቸው በ1870 የተጻፈው 15ኛው ማሻሻያ በደቡቡ ክፍል በተግባር የተከበረው የ1965ቱ የምርጫ ሕግ የፌዴራል ተቆጣጣሪ ከላከ በኋላ ነው። የሚያስከብር እስኪመጣ አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ለዚህ ነው አዲስ የመብት አንቀጽ ይጨመር ከሚለው ይልቅ ያሉትን የሚያስከብር ዳኛ ይጻፍልን የምለው።

አንቀጽ 104 መነሻውንም ቀላል አድርጎታል። የማሻሻያ ሐሳብ ከፌዴራል ምክር ቤቶች ብቻ መምጣት የለበትም፤ ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ከደገፉት ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። ከ12ቱ አራቱ ይበቃሉ። የባሕር ዳር፣ የመቀሌ፣ የአዳማ፣ የሐዋሳ፣ የጅግጅጋ፣ የሰመራ እንደራሴዎች በ39 ላይ በሕይወታቸው ላይስማሙ ይችላሉ። የእነርሱም መራጮች ግን ከ2009 ወዲህ በአንዱ ወይም በሌላው አዋጅ ልጃቸውን ፈልገዋል። የአራት ምክር ቤት አባላት በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው የ93 ዝርዝር በሦስት አንቀጾች እንዲሰፋ ሐሳብ እንዳያቀርቡ የሚከለክላቸው ቁልፍ የለም።